የሐዋሳ ሐይቅ ዳር፦ ለአንድ ዓመት የቤተሰብ ስፖርት ቤት ሆኖ ሲመዘን

የሐዋሳን ሐይቅ ዳር የሚያወድስ ጽሑፍ ሞልቷል፤ አብዛኛው የሚያወራው ግን ስለ ጀንበር መጥለቂያው፣ ስለ ወፎቹና ስለ ዓሣው ነው። ይህ ግምገማ የሐይቅ ዳሩን መንገድ የሚያየው እንደ መዝናኛ ሳይሆን እንደ ስፖርት ማዘውተሪያ ነው። መመዘኛዬም አንድ ብቻ ነው፦ ዕድሜያቸው፣ ጤናቸውና ጉልበታቸው የማይመጣጠን የአንድ ቤት ሰዎች በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ፣ ነገር ግን እያንዳንዳቸው በየአቅማቸው ሊንቀሳቀሱበት ይችላሉን? ቤተሰቤ ከመጋቢት 2012 እስከ መጋቢት 2013 በነበረው የወረርሽኝ ዓመት መንገዱን ለዚሁ ጉዳይ ሲጠቀምበት ቆይቷል፤ መልሴም ከአንዳንድ ማሳሰቢያዎች ጋር አዎን ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ስፖርታዊ ውድድሮችም ታገዱ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁን ተከትሎም ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብና በእጅ መጨባበጥ ተከለከለ። የእግር ኳስ ፕሪሚየር ሊጉ የዚያ ዓመት ውድድርም ያለ አሸናፊ ተሰረዘ፤ ለሐዋሳ ከተማ ክለብ ደጋፊዎች ይህ ምን ማለት እንደነበረ በቤቴ ውስጥ ካለው ደጋፊ ፊት ላይ አይቻለሁ። በዚህ ሁኔታ ለሰውነት እንቅስቃሴ የቀረው አማራጭ ወይ የመኝታ ቤት ወለል ነበር፣ ወይ ደጅ። ደጅ ማለት ደግሞ ለሐዋሳ ነዋሪ በመጀመሪያ ደረጃ ሐይቁ ነው።

እኛ ቤት አምስት ነን። እናቴ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋትና ከስኳር ሕመም ጋር ለብዙ ዓመታት የኖረች ናት። ባለቤቴ የቢሮ ሠራተኛ ስትሆን ቀኑን በመቀመጥ የምታሳልፍ ናት። ወንዱ ልጃችን አሥራ አራት ዓመቱን የያዘ ኳስ ወዳድ ነው፤ ሴቷ ገና ስምንት ዓመቷ ነው። እኔ ከወጣትነት ሩጫዬ የተረፈኝ የጉልበት ሕመም ብቻ ነው። እነዚህን አምስት ሰዎች በአንድ ጂም፣ በአንድ ሜዳ ወይም በአንድ ግቢ ውስጥ አብሮ ማሠራት በሰላሙም ጊዜ የሚቻል አልነበረም። ልጁ ሲሮጥ አያቱ ትቀመጣለች፤ አያቱ ስትራመድ ልጁ ይሰለቻል፤ ወላጆች ደግሞ ትንሿን ሲጠብቁ የራሳቸውን እንቅስቃሴ ይተዋሉ። የቤተሰብ ስፖርት የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በስንፍና ሳይሆን በዚህ ዓይነት የፍጥነት አለመመጣጠን እንደሆነ አምናለሁ።

የሐይቅ ዳሩ መንገድ ችግሩን የሚፈታው በአሠራሩ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ከስምጥ ሸለቆ ዋና ዋና ሐይቆቻችን በስፋት ከሚያንሱት አንዱ ሲሆን፣ ጥቁር ውኃን የመሰለ ወንዝ ሲገባበት በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ ዝናብ በበዛበት ዘመን ውኃው ወደ ከተማዋ ከፍ ይላል፤ ይህን ለመከላከልም በዳርቻው ግድብ ተሠርቷል። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ተነሥተው ውኃውን ይዘው ሲሄዱ የሚራመዱት በዚሁ ከፍ ባለ ግድብ ላይ ነው። ለጎርፍ ተብሎ የተሠራው ነገር ለስፖርት የሚመች ሦስት ጠባይ አለው፦ ሜዳማ ነው፣ መኪና አይሄድበትም፣ ከፍ ስላለም ሰው ከሩቅ ይታያል። ሦስተኛው ጠባይ ከሁሉም ይበልጥብኛል። እናቴ ከኋላ በዝግታ ስትመጣ፣ ልጄ ከፊት ርቆ ሲሮጥ፣ ሁለቱንም ከመሐል ሆኜ ማየት እችላለሁ። ማንም ማንንም ሳይጠብቅ፣ ማንም ከማንም ዓይን ሳይጠፋ መንቀሳቀስ የሚቻልበት ሌላ ቦታ በከተማችን አላገኘሁም።

አጠቃቀማችንም ከጊዜ ጋር መልክ ያዘ። አንድ ትልቅ ዛፍ መነሻ አድርገን ርቀትን ትተን ጊዜን መለካት ጀመርን። ሁላችንም በእኩል ተነሥተን ለ15 ደቂቃ ወደፊት እንሄዳለን፤ 15 ደቂቃው ሲሞላ እያንዳንዱ ሰው ካለበት ቦታ ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። ሯጩ ሩቅ ስለሄደ ረጅም መንገድ ይመለሳል፤ ዘጋሚዋ አጭር መንገድ ትመለሳለች፤ ሁሉም ግን ዛፉ ሥር የሚደርሰው በተቀራራቢ ሰዓት ነው። ከዛፉ ሥር ሰውነት ማፍታታትና የገመድ ዝላይ ይቀጥላል። ይህን አካሄድ ለማንኛውም ቤተሰብ እመክራለሁ፤ በተለይ ደካማውን ሰው «እኔ ነኝ ያስቆምኳችሁ» ከሚል ስሜት ያድነዋል። ሰውን በሰው ላይ መከመር በተከለከለበት ወቅት ደግሞ አምስታችን ተሰባስበን ሳንጓዝ አብረን ስፖርት መሥራት የቻልነው በዚሁ ነው።

ሰዓትን በተመለከተ ጠዋት ከማታ በእጅጉ ይሻላል። ሐይቁ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ በመሆኑ ፀሐይ የምትወጣው ከጀርባ፣ ከከተማዋ በኩል ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ዳርቻው ቀዝቃዛ ነው፣ ዓይንንም የሚያጥበረብር ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐይዋ ከውኃው ላይ ተነሥታ በቀጥታ ፊት ትመታለች። ፎቶግራፍ አንሺው የሚወደው ያ ብርሃን ለሯጭ አይመችም። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶቻችን እዚህ ሲሮጡ ትንፋሻቸው እንደሚቀላቸው ይናገራሉ፤ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1,700 ሜትር ያህል ስለሆነና አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ አይደንቅም። ከፍታ ፈልጎ የሚሠለጥን አትሌት በቆጂ ይሂድ፤ እዚህ ያለው ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው የሚበቃ ነው።

ከአምስታችን ይበልጥ የተጠቀመችው እናቴ ስለሆነች በእርሷ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በኮቪድ ከተያዘ ሕመሙ ሊጠናበት እንደሚችል ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ተደጋግሞ ተነግሮ ስለነበር፣ በቤታችን የተሰማው የመጀመሪያ ሐሳብ እርሷን ከበር እንዳትወጣ ማድረግ ነበር። ይሁን እንጂ ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥም ለስኳር ሕመምተኛ ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። የእግር ጉዞ ጡንቻ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እንዲጠቀምበት ያደርጋል፤ ምግብ ከተበላ በኋላ የሚደረግ አጭር ጉዞ ደግሞ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ዝቅ ለማድረግ ይረዳል። በመሆኑም ቤት ከመዝጋት ይልቅ ሰው ያልበዛበትንና አየር እንደ ልብ የሚነፍስበትን ቦታ መፈለግ ተሻለ። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ያወጣው መመሪያም አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ 65 ዓመት የሞላቸው ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲጨምሩ ይመክራል። እናቴ ሚዛን የመጠበቁን ክፍል የምትፈጽመው ከዛፉ ግንድ ተደግፋ በአንድ እግር በመቆም ነው፤ የልጅ ልጇም አጠገቧ ሆና ትቆጥርላታለች።

ለእርሷ የሚሆነው ፍጥነት በወሬ ይለካል። ከባለቤቴ ጋር እያወራች መሄድ ከቻለች ልኩ ነው፤ ቃል እየተቆራረጠ ከወጣ ፈጥናለች ማለት ነው። «እማማ፣ ወሬው ተቋረጠ» ስትላት ዝግ ትላለች። ኪሷ ውስጥ ለድንገት የስኳር መውረድ ከረሜላ አይጠፋም፤ ጫማዋ ጣቷን የማይጨብጥ፣ ካልሲዋም የማይጠብቅ ነው፤ ከጉዞ በኋላ እግሯን አይታ ቁስል መኖር አለመኖሩን ታረጋግጣለች። ለጾመኞች አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በዓቢይ ጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ፣ መድኃኒት ወስደው በጠዋት መራመድ ስኳርን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርድ ይችላል። እናቴ ሐኪሟንም የንስሐ አባቷንም አማክራ የጾሙን ሰዓት ስላስተካከለች ጉዞው አልተቋረጠም። በዚህ ጉዳይ ዝም ብለው የሚጾሙና የሚራመዱ ብዙ እናቶች በመንገዱ ላይ አሉና ልጆቻቸው ይጠይቋቸው።

ለወንዱ ልጃችን የሐይቅ ዳሩ ብቻውን አልበቃውም። ውድድር የለመደ ልጅ ቀጥ ባለ መንገድ ሄዶ መመለሱ ቶሎ ይሰለቸዋል። ለእርሱ ያዋጣው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የታቦር ተራራ፣ ሌላው ብስክሌት። ታቦር ከከተማዋ ዳር፣ ሐይቁን ተጠግቶ የቆመ ኮረብታ ነው፤ ተራራ ቢባልም ጤነኛ ሰው ሳይቸገር ይወጣዋል። ከላይ ሲደርሱ ከተማዋ በአንድ በኩል፣ ሐይቁ በሌላ በኩል ይዘረጋሉ። እንደ ስፖርት ግን ዋጋው ያለው ዳገቱ ላይ ነው፤ ለባት ጡንቻና ለትንፋሽ ሜዳው መንገድ የማይሰጠውን ይሰጣል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሲወርድ ይጠንቀቅ፤ መውረዱ ከመውጣቱ ይልቅ ጉልበት ይጎዳል፣ የላላ ድንጋይም አለ። ዝናብ በዘነበ ማግሥት ባይሞከር ይመረጣል። ማለዳ ከሆነም ብቻን ሳይሆን ከሰው ጋር መውጣት ይበጃል።

ብስክሌትን በሚመለከት ሐዋሳ ከብዙ ከተሞቻችን የተሻለች ናት፤ መንገዶቿ ሰፊ፣ መሬቷም ሜዳ ነው። በሰዓት የሚከራዩ ብስክሌቶች በየሰፈሩ ይገኛሉ። የአገልግሎቱ ጥራት ግን እጅግ የተለያየ ነው። አንድ አከራይ ብስክሌቱን ከመስጠቱ በፊት መሪውን በአልኮል ይወለውላል፣ ፍሬኑን ራሱ ይሞክራል፣ ኮርቻውንም በልጁ ቁመት ልክ ያወርዳል፤ ሌላው ሰንሰለቱ የዛገ፣ የኋላ ፍሬኑ የማይዝ ብስክሌት አስረክቦ ሒሳብ ይጠይቃል። ዋጋቸው ግን ብዙም አይራራቅም። ተከራይ ሁሉ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች በየተራ ይዞ ብስክሌቱን መግፋት፣ የጎማውን ንፋስ በአውራ ጣት መጫን፣ ሰንሰለቱንም አንድ ዙር ማዞር አለበት። የራስ መከላከያ ቆብ የሚያከራይ አላየሁም፤ ወላጅ ከቻለ ለብቻው ይግዛ። ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን አነስተኛ ብስክሌትም እንደ ልብ አይገኝም፤ ሴቷ ልጃችን ለረጅም ጊዜ በወንድሟ ብስክሌት ኋላ መቀመጫ ላይ ተሳፋሪ ሆና የቆየችው ለዚህ ነው፤ እርሷም አልከፋትም።

ከዚህ ይልቅ እርሷን የሳባት ሕያው ነገር ነው። ጉሬዛ በዛፍ ላይ ሲዘል፣ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ በረጅም እግሩ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ሲንጎራደድ ለማየት ስትል ሳታውቀው ብዙ ትሮጣለች። ልጅን «ተንቀሳቀሺ» ከማለት ይልቅ የሚያሯሩጥ ነገር ባለበት ቦታ መልቀቅ እንደሚበልጥ ማንኛውም ወላጅ ያውቃል፤ የሐይቅ ዳሩም በዚህ በኩል ከየትኛውም የልጆች መጫወቻ የሚያንስ አይደለም። በዓሣ ገበያው የሚታወቀው አሞራ ገደል አካባቢ ያሉት ጦጣዎች ግን ምግብ የያዘ እጅ አይምሩም። ብስኩት ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ መመገባቸውም ለእነርሱም ሆነ ለልጆች ጥሩ አይደለም።

ጭምብልን በሚመለከት ብዙ ሰው ግራ ሲጋባ ስላየሁ ያደረግነውን ልግለጽ። በ2013 ዓ.ም. ወረርሽኙን ለመከላከል የወጣው መመሪያ ቁጥር 30/2013 የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግን ግዴታ አድርጎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ላብ የሚያስወጣ ብርቱ እንቅስቃሴ ሲደረግ ጭምብሉ ስለሚርስና ትንፋሽ ስለሚያስቸግር ዋናው መከላከያ ርቀት መጠበቅ እንደሆነ አስረድቷል። እኛም መነሻው ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቦታና ዓሣ ቤት ስንገባ እናጠልቅ ነበር፤ እናቴ በዝግታ ስለምትሄድ ሙሉውን ጊዜ ታደርገው ነበር፤ ሯጮቹ ክፍት በሆነው መንገድ ላይ ወደ አገጫቸው አውርደው ሰው ሲቀርባቸው ከመንገዱ ወጣ ብለው ያልፉ ነበር። መንገዱ ሁለት ሰው በሰፊው ለማሳለፍ በማይበቃባቸው ቦታዎች ላይ ይህ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዓመት ውስጥ በመንገዱ ላይ የተፈጠረ አንድ ሥርዓት አለ፤ ሁልጊዜ በጠዋት የሚራመዱ አንድ ጡረተኛ መምህር ከሩቅ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይላሉ፤ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ሲባሉም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሩጥ አንተ ልጅ» ብለው ያልፋሉ። ልጄ ከማንኛውም አሠልጣኝ ይልቅ እርሳቸውን ይፈራል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። አንደኛ፣ ሽንት ቤት እንደ ልብ አይገኝም፤ ከትንሽ ልጅና ከስኳር ሕመምተኛ ጋር ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሐይቁ አጠገብ ያሉ ምግብ ቤቶች ቡና ለጠጣ ደንበኛ በራቸውን አይዘጉም፤ እኛ የተገላገልነው በዚሁ ነው። ሁለተኛ፣ ሲመሽ ትንኝ ይበዛል። ሐዋሳ የወባ ትንኝ ሊራባበት በሚችል ከፍታ ላይ ስላለች፣ በተለይ ዝናቡ ሲያባራ ባሉት ወራት ማታ የሚራመድ ሰው ረጅም እጅጌና ሱሪ መልበስ ይኖርበታል። ጉማሬዎችም ለሣር ወደ ዳርቻ የሚወጡት ሲጨልም ነውና ከመብራት ርቆ መቆየት የማያስፈልግ ድፍረት ነው። ሦስተኛ፣ ውኃው ንጹሕ መስሎ ቢያታልልም በዳርቻው የቢልሃርዚያ በሽታ ስላለ ልጆች እግራቸውን እንኳ ነክረው እንዲጫወቱ መፍቀድ አይገባም። አራተኛው የእሑድ ጉዳይ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ መንገዱ በጎብኚ፣ በሙሽራ፣ በፎቶግራፍ አንሺና በሻጭ ይሞላል፤ ያኔ የስፖርት ቦታ መሆኑ ያበቃል። ይህን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ ሐይቁ የሁሉም ነው።

ባለቤቴ ስለራሷ ምንም እንዳልጽፍ ብትነግረኝም አንድ ነገር ማለፍ አልችልም። በዓመቱ መጀመሪያ ከእናቴ ጋር በመራመድ የጀመረችው ሴት፣ ኅዳር ላይ መካሄድ የነበረበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ወደ ጥር 2 ቀን 2013 ተሸጋግሮ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ስርጭቱን ጨርሳ ሳትመለከት ጫማዋን አጥልቃ ወጥታ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃት «ተቀምጬ ሩጫ ማየት አሳፈረኝ» አለችኝ።

ከስፖርት በኋላ የሚመጣውን ረሃብ በተመለከተ የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ስም ያተረፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት ጀልባዎች ሲገቡ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ይዘው ይመጣሉ። ትኩስ የዓሣ ሾርባ ከሩጫ በኋላ ለሚበርደው ሰው ጥሩ ነው፤ የተጠበሰውም በዳጣ ሲቀርብ ጣቱን የሚልስ ብዙ ነው። ጥሬውን ዓሣ የሚወዱ አሉ፤ ለአረጋውያንና ለልጆች ግን አልመክርም፤ በደንብ ያልበሰለ ዓሣ ጥገኛ ተሕዋስያን ሊያስተላልፍ ይችላልና። እዚያ ያለው መጨናነቅም ከስፖርቱ የተገኘውን ርቀት በአንዴ ስለሚያፈርሰው እኛ አስጠቅልለን ይዘን መሄድን መርጠናል።

በጥቅምት 2013 ትምህርት ቤቶች ቀስ በቀስ መከፈት ሲጀምሩ አሠራራችን ተለወጠ፤ በሥራ ቀን ጠዋት እናቴና ባለቤቴ ብቻቸውን ይሄዳሉ፣ ሁላችንም የምንገናኘው ቅዳሜ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2013፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከተነገረ ልክ በዓመቱ፣ የኮቪድ ክትባት ዘመቻው ተጀመረ፤ እናቴም ተራው እርሷ ጋ ሲደርስ ጉዞው አይቀርም ብላ ነበር።

መንገዱን ለመሞከር ለሚያስብ ቤተሰብ የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ቅዳሜ ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፍቅር ሐይቅ ይድረሱ፤ ውኃ ይያዙ፣ ለትልልቆቹ ከረሜላ፣ ለልጆቹ የገመድ መዝለያ። ጠንካራ ሩጫ የሚፈልግ ካለ ታቦርን ለእርሱ ይተዉለት። ብስክሌት የሚከራዩ ከሆነ ፍሬኑን አይተው ይክፈሉ። አብረው የሚሄዱትን ሰው ሁሉ በአንድ ፍጥነት ማስኬድ የሚፈልጉ ከሆነ ግን ሌላ ቦታ ቢመርጡ ይሻላል፤ ይህ መንገድ የሚጠቅመው ተለያይቶ መሄድን ለሚፈቅድ ቤተሰብ ነው።